አምባሰልን በዜና ብቻ የሰማ ትውልድ



ዛሬ ከተለመደው ወጣ ልልባችሁ ነው። ስለ ግንባርም፣ ስለ መግለጫም፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የአራት ደቂቃ የፒያኖ ሙዚቃ ነው። «ሰው መብራት አጥቶ፣ መንገድ ተዘግቶበት፣ ይሄ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ሮቢት ነው። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አመሻሽ ላይ ከጎረቤቴ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለናል። እኚህ አባት በጉልምስናቸው ዘመን ከጎብዬ እስከ ቆቦ ሰርግ ሲኖር ማሲንቆ ይዘው የሚጠሩ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ የሚማር የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝ አንድ የፒያኖ ድምፅ ስልኬ ውስጥ ነበረ። ባትሪዬ ሊያልቅ ትንሽ ቢቀረውም «ይሰማ እስቲ» ብዬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ ወደ ታች የሚወርድ። ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥሎ በጣም ቀስ ያሉ፣ የሚንሾካሾኩ የሚመስሉ ድምፆች ይመጣሉ። ከእነሱ ሥር ያ ሦስቱ ድምፅ እንደገና ይመታል።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩና «ደወል ነው» አሉኝ።

«የምን ደወል ነው አባቴ?»

«የቤተ ክርስቲያን ደወል ነዋ። ግን ለቅዳሴ የሚደወል አይደለም ልጄ። ሰው ሲሞት፣ ወይ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚደወለው ነው።»

እኔ ስለ ሙዚቃው ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። ደራሲው ሰርጌይ ራክማኒኖፍ የሚባል ሩሲያዊ ነው። ሥራው «ፕሪሉድ በዶ ዲየዝ ማይነር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1892 የተጻፈ ነው። በምዕራቡ ዓለም አድማጮች ዘንድ ደግሞ «የሞስኮ ደወሎች» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ኖሯል። ሞስኮን አይተው የማያውቁ፣ ፒያኖም ነክተው የማያውቁ የሮቢት ሽማግሌ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እዚያው ስም ላይ ደረሱ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

*

ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልንገራችሁ።

«ፕሪሉድ» ማለት እንደ መጽሐፍ መቅድም ነው። በጥንቱ የአውሮፓ ሙዚቃ ከዋናው ሥራ በፊት ጣት ለማፍታታትና የሰውን ጆሮ ለማዘጋጀት የሚመታ መግቢያ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፖላንዳዊው ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1839 ሃያ አራት ፕሪሉዶችን አሳተመ፤ ከአንዳቸውም በኋላ የሚከተል ዋና ሥራ የለም። መቅድሙ ራሱ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቁ፣ ከአንድ ደቂቃ የማይዘልሉ ናቸው። አንድ ስሜት ይይዛሉ፣ ይናገሩታል፣ ያቆማሉ።

ራክማኒኖፍ የዶ ዲየዙን ፕሪሉድ ሲጽፍ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። መነሻው እንዳልኩት ሦስት ድምፅ ነው፦ ላ፣ ሶል ዲየዝ፣ ዶ ዲየዝ። ሥራው ሁሉ የተሠራው በእነዚህ ሦስት ድምፆች ላይ ነው ማለት ይቻላል። መካከሉ ላይ ሰው የሚሮጥ፣ የሚተረማመስ ይመስላል፤ ድምፁ እየተጣደፈ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ የመጀመሪያው ደወል ይመለሳል፣ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ሁለቱም እጆች ፒያኖውን ከዳር እስከ ዳር ይይዙታል። ጽሑፉ ራሱ በተለመደው ሁለት መስመር አልበቃ ብሎ በአራት መስመር የተጻፈ ነው። መጨረሻው ላይ ያ ሁሉ ነጎድጓድ ቀስ በቀስ ይበርድና በጥቂት ለስላሳ ድምፆች ያልቃል። እንደ ደወል፤ መቺው ካቆመ በኋላ በአየር ላይ እንደሚቀረው ያለ ድምፅ።

መመለሱ እንደ መሄዱ አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። እኛ ቆቦና ሮቢት ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገንም። በሐምሌ 2013ም፣ በነሐሴ 2014ም ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ሲመለስ ያገኘው ያንኑ በርና ያንኑ ግቢ ነበር። ግን ያው አልነበረም። ሽማግሌው ማሲንቆአቸውን ያጡት በመጀመሪያው ሽሽት ነው። ከተመለሱ ወዲህ ሌላ አልሠሩም። «ለማን ብዬ?» ይላሉ።

ስለ ፕሪሉዱ አንድ ሌላ ነገር ላክል። ራክማኒኖፍ ይህን ሥራ የሸጠው በ40 ሩብል ነበር። በዓለም ዙሪያ ሲታተምና ሲመታ እሱ የደራሲነት ክፍያ አልደረሰውም፤ በዚያ ዘመን ሩሲያ በዓለም አቀፉ የደራሲዎች መብት ስምምነት ውስጥ አልነበረችምና። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ሀገሩን ጥሎ ወጣ፣ ሳይመለስም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ከሀገሩ ከወጣ በኋላ የጻፋቸው አዳዲስ ሥራዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ኮንሰርት ባቀረበበት ሁሉ ግን ሰዉ ያቺኑ የወጣትነቱን ፕሪሉድ እንዲመታለት ይጮህ ነበር። ሀገር ያጣ ሰው በየአዳራሹ የሀገሩን ደወል እንዲደውል ሲጠየቅ አስቡት።

*

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ባትሪው ገና ስላላለቀ ሁለተኛ ድምፅ ከፈትኩላቸው። ይህኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበር። ሽማግሌው ገና ከመነሻው ፈገግ አሉ። «ይቺስ የእኛ ናት» አሉ። «ልብሷ የፈረንጅ ነው እንጂ አነጋገሯ የእኛ ነው።»

እማሆይን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ወይም ታውቋቸዋላችሁ ተብሎ ይታሰባል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ቤተሰቡ ተግዞ አዚናራ ወደተባለችው የጣልያን ደሴት ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ተማሩ። እንግሊዝ ሀገር ሄዶ የመማር ዕድል ሲመጣ ግን መሄጃው ፈቃድ ተከለከለ።

ቀጥሎ ወዴት ሄዱ መሰላችሁ? ወደ ወሎ። አምባሰል ውስጥ ወዳለችው፣ የመስቀል ቅርፅ ወዳላት ወደ ግሸን ማርያም። መነኮሱ፤ እዚያ አምባ ላይም አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ በሌለበት ተራራ፣ ሌሊት ማኅሌቱን፣ ቀን ነፋሱን እየሰሙ። ከአውሮፓ ትምህርት ቤት የወጡ ፒያኒስት የሕይወታቸውን አሥር ዓመት የሰጡት የእኛን ተራራ ለመስማት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፒያኖው ሲመለሱ የወጣው ሙዚቃ ሾፓንም አልሆነ፣ የሰርግ ዘፈንም አልሆነ። አጫጭር፣ ብቻቸውን የቆሙ የፒያኖ ሥራዎች ናቸው፤ እንደ ፕሪሉድ አንድ ስሜት ይዘው የሚገቡና የሚወጡ። ስለ ናፍቆት፣ ስለ እናት ፍቅር፣ ቤት ስለሌለው ተንከራታች። ግራ እጃቸው የአውሮፓን ትምህርት ቤት ያስታውሳል። ቀኝ እጃቸው ግን በዜማ ሊቅ ጉሮሮ ውስጥ እንደሚንቀጠቀጠው ድምፅ እየተርገፈገፈ፣ እየዘገየ፣ ድንገት እየፈጠነ ይሄዳል። ሰዓት ይዞ የሚቆጥር ሰው ሊከተላቸው አይችልም፤ የሚተነፍስ ሰው ግን ይከተላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር አለ። ማሲንቆ ላይ ጣት ስለሚንሸራተት በሁለት ድምፅ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ መንካት ይቻላል። ፒያኖ ላይ አይቻልም፤ ቁልፉ ወይ ተነክቷል ወይ አልተነካም። እማሆይ ይህን ያለፉት ዋናውን ድምፅ ከመንካታቸው በፊት ጎረቤቱን ቶሎ ነክተው በማለፍ ነው። ጆሯችን ሁለቱን አጣብቆ እንደ ማሲንቆ መንሸራተት አድርጎ ይሰማዋል። ሽማግሌው «አነጋገሯ የእኛ ነው» ያሉት ይህንን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እማሆይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር በነበሩ ጊዜ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ፣ ለምነው ሲበሉ አዩ። ሸክላ ለማስቀረጽ ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚህን ልጆች መርዳት ነበር። ጀርመን ሀገር ያስቀረጹት የመጀመሪያ ሸክላ ገቢው ለችግረኞች ነበር። የሀገሩን ዜማ የሚማር ልጅ ለምኖ መብላቱ ያንገበገባቸው ሴት ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛው ሆነው ሲወጡ ዓለም አወቃቸው። መጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛስ? ሲያርፉ የኀዘን መግለጫ አጋራን። «ፒያኒስቷ መነኩሲት» ብለን ተገረምን። ሙዚቃቸውን ግን ስንቶቻችን ሰማነው? የሰማነውስ ምን እንደሰማን እናውቃለን?

*

አሁን ወደ ክርክሬ እገባለሁ።

የሀገራችን ዘፈን የተሠራባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ባቲ የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል አምባና ወረዳ ነው። በመላው ኢትዮጵያ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ሲቃኝ በየቀኑ የእኛን ሰፈር ስም ይጠራል። በዓለም ካርታ ላይ ይህን ያህል ለሙዚቃ ስም ያዋሰ አካባቢ ስንት ይሆን?

እዚህ ሮቢት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይዛችሁ «አምባሰል ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄአለሁ። «ጦርነት የነበረበት ቦታ» ያለኝ አለ። «ውጫሌ ያለችበት ወረዳ» ያለኝም አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ቅኝት ነው» ያለኝ ግን አላገኘሁም። ልጆቹን አልወቅስም። ከተወለዱ ጀምሮ ስሙን የሰሙት በዜና ብቻ ነው። ማሪቱ ለገሰን፣ የአምባሰል ንግሥት የተባለችውን የወሎ ልጅ፣ ስሟን እንጂ ድምፅዋን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ቁጭት ብቻ እንዳይሆን ምን ያህል ቀላል ነገር እንዳጣን ላሳያችሁ። ስልካችሁ ላይ በነፃ የሚጫን የፒያኖ አፕ አለ። አውርዱት። ጥቁሮቹን ቁልፎች ተመልከቱ፤ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተቧድነዋል። ከሦስቱ ቡድን የመጀመሪያውን ይዛችሁ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፍ ተራ በተራ ንኩ። ትዝታ ሜጀር ነው። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ጥቁሮቹን ብቻ እየነካችሁ እንደ ፈለጋችሁ ተጫወቱ፤ ከቅኝቱ አትወጡም።

አሁን ወደ ነጮቹ ኑ። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላችሁ ንኩ። ይህ አምባሰል ነው። ቀጥሎ እነዚሁኑ አምስት ቁልፎች ከላ ጀምሩ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይህ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው። ቁልፎቹ ያው አምስቱ ናቸው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቱ የቱ ነው፣ ዜማው የሚያርፈው የት ነው የሚለው። ቤቱን ስትቀይሩት ስሜቱ ሁሉ ይቀየራል። ይህን አንድ የሒሳብ መምህር በአሥር ደቂቃ ሊያስረዳ ይችላል። እረኛ ልጅም በዋሽንቱ ሳይማር ያውቀዋል፤ ዋሽንት አራት ቀዳዳ ኖሮት አምስት ድምፅ የሚሰጠው በምክንያት ነውና።

ብዙ የተማረ ሰው ሲናገር እሰማለሁ፦ «የእኛ ሙዚቃ አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ የፈረንጁ ሰባት ነው፣ ከነግማሹ አሥራ ሁለት ነው፤ ስለዚህ የእኛ ደሃ ነው» ይላል። የራክማኒኖፍ ፕሪሉድ ለዚህ መልስ ነው። አሥራ ሁለቱም ድምፅ እጁ ላይ የነበረ ሰው፣ ዓለም ያልረሳውን ሥራ ሲሠራ የተነሣው በሦስት ድምፅ ነው። የሙዚቃ ሀብት የሚለካው በድምፅ ብዛት ቢሆን ማሲንቆ በአንድ ክሯ ሰርግ ሙሉ ሰው ባላስለቀሰች ነበር። እማሆይም የፒያኖውን 88 ቁልፍ ሁሉ ተምረው ሳለ ወደ አምስቱ ተመለሱ። የተመለሱት ሌላ ስለማያውቁ አልነበረም። አውቀው መረጡ።

ብቻቸውንም አይደሉም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አልበም ላይ «አምባሰል» የሚል የፒያኖ ሥራ አለው። አንድ የአሜሪካ ወይም የጃፓን አድማጭ ያንን ስም አንብቦ «አምባሰል ምን ይሆን?» ብሎ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። የእኛ ልጅ ግን አልፈለገም፤ ማንም አልነገረውማ።

*

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። ራሴም ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ።

የመጀመሪያው፦ «ወንበር የሌለው ተማሪ ፒያኖ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ፦ ፒያኖ አልጠየቅሁም። ራያ ቆቦ ውስጥ ፒያኖ ይገዛ የሚል ሰው ካለ እኔም እስቅበታለሁ። ፒያኖውን ያመጣሁት ለማስረጃ ነው። የእኛ ቅኝት በሰው ሀገር መሣሪያ ላይ ወጥቶ ሳይጠፋ መቆም መቻሉን ያሳየናል። የምጠይቀው ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ነው። እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ ሸምበቆውም፣ የፈረስ ጭራውም እዚሁ አለ።

ሁለተኛው፦ «ሰላም ሲሆን ይደርሳል» የሚል ነው። ይህን ግን አልቀበልም። ሰላም እስኪሆን የሚጠብቀን ሕንፃ እንጂ ሰው አይደለም። የፈረሰ ክፍል ከአምስት ዓመት በኋላም ይሠራል። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በጭንቅላታቸው የያዙት ዜማ ግን አምስት ዓመት ላይጠብቀን ይችላል። ጦርነቱ ስንት ጥሩ ማሲንቆ መቺ፣ ስንት ዋሽንት ነፊ፣ ስንት የሙሾ አውጪ እናት እንደወሰደብን የቆጠረ የለም። የወደመ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲቆጠር አይቻለሁ፤ መቆጠሩም ተገቢ ነው። የጠፋ ዜማ ግን በየትኛውም የጉዳት ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሦስተኛው የሚያስቸግረኝ ነው። «አዝማሪ ተብሎ ልጄ እንዲሰደብ አልፈልግም» የሚል ወላጅ አለ። እውነት ነው፤ ለዘመናት ዘፋኙን በሰርጋችን ጠርተን በትዳር ግን ስንሸሸው ኖረናል። እንግዲህ የባለ ሥልጣን ልጅ የነበሩት፣ አውሮፓ የተማሩት እማሆይ ያንን ዜማ አክብረው ፒያኖ ላይ ሲያወጡት፣ እኛ በማን ላይ ነው የምንኮራው? ስድቡ የእኛ ነው፤ መተውም ያለብን እኛ ነን።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፦ በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበብ የሚባል ትምህርት አለ። እኔ በማውቀው ትምህርት ቤት ይህ ክፍለ ጊዜ ወይ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይሆናል፣ ወይ ልጆች ሜዳ ላይ ይለቀቃሉ። መምህሩ ጥፋተኛ አይደለም፤ ያልሰለጠነበትን አስተምር ተብሏል። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከቀበሌው የሚገኝ አንድ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት የሚያውቅ ሰው ይጋበዝ። አበል ይከፈለው። መቼም ለስብሰባ ውሎ አበል ስንከፍል ኖረናል፤ ለአምባሰልም ቢከፈል ሀገር አይጎዳም። ልጆቹ ዘፋኝ ይሁኑ አላልኩም። አራቱን ቅኝት ሲሰሙ ለይተው እንዲያውቁ ብቻ። ፊደል መለየት እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፦ እንቅረጽ። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። ስልክ ያለው ሁሉ መቅረጫ አለው። ግን ሲቀረጽ ስም ይያዝ። ማን መታው፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ተማረው። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ስሙም ተጠርቶ። ራክማኒኖፍ ዓለም የሚያውቀው ሰው ሆኖ እንኳ በሕግ ክፍተት የሥራውን ክፍያ አጥቷል። የእኛ ሰው ደግሞ ክፍያው ይቅርና ስሙም አብሮ ይጠፋል። በየካሴቱ ላይ «የሕዝብ ዜማ» እየተባለ የሚጻፈው ብዙው ዜማ መነሻው የአንድ ስም ያለው ሰው ጣት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ መልሶ ግንባታ ሲታቀድ የጠፋ የሙዚቃ መሣሪያም ይቆጠር። ማሲንቆውን በሽሽት ያጣ ሰው የሥራ መሣሪያውን ነው ያጣው፤ በሬ ከጠፋበት ገበሬ፣ የስፌት መኪና ከተዘረፈበት ልብስ ሰፊ በምን ይለያል? በሰርግ ወቅት ቤተሰቡን ያበላው በእሱ ነበር። ለአንዱ የሚሰጠው ካሳ ለሌላውም ይገባዋል።

*

መጨረሻውን ልንገራችሁ።

የእማሆይ ሙዚቃ ሲያልቅ ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይህች ሴት ግሸን ኖራለች አልከኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባቴ» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ነው» አሉና፣ በአፋቸው አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃል የለውም። አምባሰል ነበር። እኔም እንኳ የለየሁት በቅርቡ ስለተማርኩ ነው።

ስልኬን መቅረጫ ላይ አደረግሁት። ሁለት ደቂቃ ከምናምን እንደሆነ ባትሪው አለቀ። እሳቸው አላወቁም፤ ቀጠሉ። እኔም አልነገርኳቸውም።

መብራት ሲመጣ ድምፁን ሰማሁት። መሐሉ ላይ ውሻ ይጮኻል፣ ሩቅ የመኪና ድምፅ አለ። አጭር ነው፣ መጨረሻም የለውም። ግን ስማቸውንና ቀኑን ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ የቀረውን ለማስቀረጽም ቀጠሮ ይዘናል። ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሆነን ማሲንቆ ልንሠራላቸው ቆዳ አግኝተናል። የፈረስ ጭራ የሚያመጣልን ሰው ካለ ውስጥ መስመር ላይ ይጻፍልኝ።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁ ባትሪ ካለው፣ ከጎረቤታችሁ ካለ አንድ አዛውንት ዘንድ ሂዱ። ቡና ይፈላ። «እስቲ አባቴ፣ እስቲ እማማ፣ በልጅነትዎ የሰሙትን ያሰሙኝ» በሉ።

ሐሳብ፣ ተቃውሞ፣ እርማት ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ እንደ ልማዳችን ያለ ስድብ።

ቸር ያሰማን።

ከሮቢት